አምባሩ እናቱ ቤት ነው

የካቲት 4
ከጠዋት እስከ ማታ ሳል፣ ወባ፣ የዓይን ሕመም። አሳማ የነከሰው ሽማግሌም መጣ። ቁስሉን አሳዩኝ ስለው አሳማውን ጎትቶ አመጣው። "የሚታከመው እሱ ነው፣ አብዷል" ይላል። የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ሐኪም ዌንደል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። እኔ አልሳቅኩም። ሽማግሌው ቂመኛ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ይሄን ደብተር ዌንደል ሰጠኝ። ሊሄድ አስራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። "ጻፊበት፣ እንግሊዝኛሽ እንዳይጠፋ" አለኝ። በእንግሊዝኛ አልጽፍም። ቀኑን ሙሉ የሐኪሙን ቃል ለመንደሩ፣ የመንደሩን ቃል ለሐኪሙ ስተረጉም እውላለሁ። ቢያንስ እዚህ የራሴን ልናገር።

የካቲት 9
ውሃ ቀድቼ ስመለስ ትልቋ እማ ደረጃው ላይ ያዙኝ። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ቤቱም፣ ጋኖቹም፣ እኔም፣ ወንድሜ ኢ ዊክም የሳቸው ነን።

"ዌንደል ሲሄድ ማን ይተካዋል?"

"ሌላ ሐኪም ይልካሉ።"

"ሳይጠየቁ?"

"በየዓመቱ ይቀይራሉ።"

ፊታቸው በራ። "ደንብ ያውቃሉ ማለት ነው! እኔ ደግሞ ያለ ዘመድ ያደጉ መስለውኝ ነበር" አሉ።

ምን ልበላቸው? አሜሪካኖቹ ጋ እኮ ወረቀት ላይ አንድ ስም ተሰርዞ ሌላ ስም ይጻፋል፣ አለቀ። ለሳቸው ግን ምትክ ነው። ባል ሲሞት የባል ወገን ምትክ ይሰጣል፣ ሚስት ስትሞት የሚስት ወገን። በሁለቱ ቤት መሃል ያለው ገመድ አይበጠስም። ዌንደል አምና ጋናችን ፊት ተቀምጦ አምባር ያሰረ ወንድማችን ነው። እሱ ሲሄድ በቦታው የሚመጣው ሰው ወንድምነቱንም ይረከባል... እሳቸው የገባቸው እንዲህ ነው።

ዝም አልኩ። ዝም ማለት ውሸት ነው?

የካቲት 16
ዌንደል ሄደ። ሄሊኮፕተሩ ያጠብነውን ፋሻ ሁሉ አቧራ አለበሰው። እንደገና አጠብን።

የካቲት 20
አዲሱ መጣ። ሃምሳ አለቃ ኮርቢን። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን፣ እጁ በሙሉ ጠቃጠቆ። አይስቅም። ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ የመድኃኒት መደርደሪያውን አራግፎ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ዌንደል እንደ ቁመቴ የደረደረውን እሱ በፊደል ተራ ደረደረው። አሁን የወባ ክኒን ባወጣሁ ቁጥር ጎንበስ ማለት አለብኝ። ወገቤን!

"ስምሽ ማነው?"

"ህሉን።"

"እሳሳታለሁ። በተሳሳትኩ ቁጥር አርሚኝ" አለ።

ይቺን ወደድኩለት። ትንሽ።

መጋቢት 2
ዛሬ ለኮርቢን አምባሩን አሰሩለት። አሳማ ታረደ፣ ትልቁ ጋን ወጣ። ትልቋ እማ ኮርቢንን ጋኑ ፊት አስቀምጠው መቃውን ሰጡት። የሩዙን ጠላ ሦስት ጊዜ ሳበና ፊቱ ተለዋወጠ። መሰላሉን እየሮጠ ወርዶ ዶሮዎቹ መሃል አስመለሰ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ! ኢ ዊክ ደግሞ፣ "ምትኩ ጎዶሎ ነው፣ ለላኩት እንመልሰው እንዴ?" እያለ ያባብሳል።

ተመልሶ ሲቀመጥ ትልቋ እማ ተነሱ። የነሐሱን አምባር ይዘው ደንቡን በዜማ አወጡት። እንዲህ ነው ያሉት፣ አንድም አልረሳሁም። "በዌንደል ቦታ ቆመሃል። የዚህ ቤት ወንድሞች ወንድሞችህ ናቸው። ወንድምህ ሲወድቅ ታነሣዋለህ፣ አንተ ስትወድቅ ያነሱሃል። ብትጠፋብን ወገንህ ምትክ ይሰጠናል። በኛ ምክንያት ብትጠፋ እኛ ለወገንህ እንሰጣለን። ትቀበላለህ?"

ኮርቢን ወደኔ ዞረ። "ምን አሉ?"

ከንፈሩ ገና አልተጠረገም። የሰፈሩ አዛዥ ሻምበሉ ከኋላ ሰዓቱን ያያል። እኔ ምን አልኩ? "እንኳን ደህና መጣህ፣ ይሄ የቤቱ ስጦታ ነው፣ ትቀበላለህ ወይ ነው የሚሉት" አልኩት።

"በደስታ" አለ።

"እቀበላለሁ ይላል" አልኳቸው።

ያን ሁሉ ቃል ዋጥኩት። ለምን? ብነግረው እምቢ ይላል ብዬ ፈራሁ። እምቢ ቢል ትልቋ እማ በሰው ፊት ያፍራሉ። ኢ ዊክም መሣሪያ ይዞ ከነዚህ ሰዎች ጋር ጫካ የሚገባው ያንን አምባር አምኖ ነው። እንጂ ለራሴ ብዬ አይደለም... አይደለም እንዴ?

መጋቢት 15
ኮርቢን ደም ስር ማሰር አስተማረኝ። በአሳማ እግር ተለማመድን። እጁ አይቸኩልም። እኔ ስሳሳት አይቆጣም፣ ክሩን ፈትቶ "እንደገና" ይላል። አስራ አንድ ጊዜ "እንደገና" አለኝ።

ከዚያ የእናቱን ፎቶ አሳየን። ቦት ጫማ ያደረገች ሴትዮ አሳማ ትመግባለች። ሌላ ልጅ የላትም፣ እህትም ወንድምም የለውም። ትልቋ እማ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ይዘው አሳማዎቹን አንድ በአንድ አዩ። "ቤቱ ደህና ቤት ነው" ብለው ፈረዱ።

"በየደብዳቤው ይበርድሃል ወይ ትለኛለች" አለ ኮርቢን። ላቡ በአገጩ ይወርዳል። "እዚህ እየቀለጥኩ መሆኔን አላምን አለች።"

ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ሚያዝያ 6
አምባሩ የኮርቢን እጅ ላይ የለም።

"የት ሄደ?" አልኩት፣ ዝም ብዬ እንደምጠይቅ መስዬ።

"ለእናቴ ላክሁት። ልደቷ እየደረሰ ነው፣ እዚህ ደግሞ የሚገዛ ነገር የለም።" አየኝና፣ "ምነው? ነውር ነው?" አለ።

"አይ።"

ሁለተኛው ውሸት። የታሰረ አምባር ከሞት በፊት ከእጅ አይወርድም። እሱ ግን በምን ያውቃል? ማን ነገረው?

ሚያዝያ 9
"እጁ ባዶ ነው" አሉ ትልቋ እማ።

"ቁስል ሲያክም ያወልቀዋል፣ ለንጽሕና።"

"ንጹሕ ልጅ ነው" አሉ።

ሦስተኛው።

ሚያዝያ 28
መንገዱ ከተዘጋ ስምንት ቀን ሆነ። ምግብም ጥይትም በአየር ነው። ውሃ ለመቅዳት ስንወርድ አራት የታጠቁ ሰዎች ከፊት፣ አራት ከኋላ። ቅል ከቅል ሲጋጭ እንኳ ሁሉም ይደነግጣል። የሚወጉን የሰሜን ወታደሮች ሸለቆው ውስጥ ናቸው ይላሉ። ያያቸው የለም። ጠዋት ጠዋት ከሸለቆው የሚጮኸው ወፍ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይጮህም።

ኢ ዊክ ከሰላሳ ሰው ጋር ምሥራቅ ወዳለው ጉብታ ተላከ። ጉብታው ከቤታችን በረንዳ ይታያል። ትልቋ እማ ሽመናቸውን አውጥተው እዚያው ተቀምጠዋል። እጃቸው ይሠራል፣ ዓይናቸው ግን ክሩ ላይ አይደለም።

ግንቦት 3
ዝናቡ ገባ። ጉብታው የሚታየው ጠዋት ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው።

ግንቦት 11፣ ጠዋት
ጉብታው ላይ ከንጋት ጀምሮ ተኩስ አለ። ሬዲዮው ስድስት ቁስለኛ ብሎ ስም ጠራ። ኢ ዊክ ሦስተኛው ነው። እግሩን። ከዚያ ሬዲዮው ጠፋ። ደመናው ጉብታውን ውጦታል፣ ሄሊኮፕተር አይነሳም። ሻምበሉ "ደመናው ሲገለጥ" ይላል። በግንቦት? መቼ ሊገለጥ?

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት
እንደሆነው ልጻፈው።

ትልቋ እማ እስከ ጦር ሰፈሩ ድረስ በእግራቸው መጡ። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ዘበኛው ሊያስቆማቸው ሞከረና ተወው። ኮርቢን እጁን እየታጠበ ነበር። ፊቱ ቆሙና አንድ ነገር ብቻ አሉት።

"ወንድምህ ወድቋል።"

"ምን አሉ?" አለኝ።

የዛሬውን ነገርኩት። ከዚያ የመጋቢት ሁለቱን ነገርኩት። በዌንደል ቦታ ቆመሃል የሚለውን፣ ታነሣዋለህ የሚለውን፣ የምትኩን፣ ሁሉንም። ውሃው እስኪያልቅ ድረስ እጁን ይታጠብ ነበር።

"ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እምቢ እንዳትል ብዬ።"

"አምባሩ እንደሌለኝ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

ትልቋ እማን አያቸው። እሳቸውም አዩት። አልለመኑትም፣ አላለቀሱም። መንገድ ዳር ሰው እንደሚጠብቅ ቆመው ጠበቁ።

"ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?"

"አስራ ዘጠኝ።"

"በናንተ ቋንቋ ወንድም ምን ይባላል?"

"ታላቅና ታናሽ ለየብቻ ነው።"

"እኔ የትኛው ነኝ?"

"ታላቁ።"

ታናሼ የሚለውን አስጠኚኝ አለ። ሦስቴ ተሳሳተ፣ ሦስቴ አረምኩት። ከዚያ ቦርሳውን መሙላት ጀመረ። ሻምበሉ ጋ ሲገባ ጩኸት ሰማሁ። "ያለኝ ሐኪም አንድ ነው!" ይላል ሻምበሉ። "እሷ አለች፣ ደም ስር ማሰር ትችላለች" ይላል ኮርቢን። እኔን ማለቱ ነው።

ስምንት የኛ ልጆች ይዞ በእግሩ ሄደ። በሩ ላይ ዞሮ ለኔ እጁን አነሳ፣ ባዶውን እጁን።

"ሄደ?" አሉ ትልቋ እማ።

"ሄደ።"

"ታዲያ አይሄድም ብለሽ ነበር?" ብለው አሳማ ሊመግቡ ተመለሱ።

ባልነግረውስ ኖሮ... ይቀር ነበር? ሐኪም እኮ ነው፣ ያለዚያም ይሄድ ይሆናል። ይሄድ ነበር። ይመስለኛል።

ግንቦት 12
ተመለሱ።

አምስት ቃሬዛ፣ ሁለት ቁስለኞች ደግሞ ተደግፈው በእግራቸው። አራተኛው ላይ ኢ ዊክ አለ፣ ይተነፍሳል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፣ የታሰረበት ክር ግን የኮርቢን ቋጠሮ ነው፣ ባየው አይጠፋኝም። አምስተኛው ላይ የዝናብ ልብስ ተከድኗል። ከሥሩ ጠቃጠቆ ያለበት እጅ ወጥቷል።

ቁስለኞቹን እስከ ምሽት አከምኩ። ሦስት ደም ስር አሰርኩ። ሲላላብኝ ፈትቼ፣ "እንደገና" እያልኩ ለራሴ።

ግንቦት 14
ደመናው ዛሬ ተገለጠ። ዛሬ!

ሄሊኮፕተሩ መጥቶ ኮርቢንን ወሰደው። ትልቋ እማ መቃብሩ ላይ የሚያስቀምጡለትን ሩዝና ዶሮ ይዘው ሲደርሱ ድምፁ ብቻ ነበር የቀረው። "መቃብሩ የት ነው?" አሉኝ። አገሩ ነው አልኳቸው። "እና ሩዙን የት ላስቀምጥለት?" አሉ። ሜዳው ላይ ቆመው ቀሩ።

ግንቦት 17
ኢ ዊክ ትኩሳቱ ወርዶ አወራኝ። ኮርቢን ወንዙ ድረስ በጀርባው አዝሎት ነው ያወረደው። አሻግሮ ካስቀመጠው በኋላ ሌላ ቁስለኛ ሊያመጣ ተመለሰ፣ ውሃው መሃል ሲደርስ ተመታ።

"መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚለኝ" አለ ኢ ዊክ። "ታናሼ፣ ተንፍስ። ታናሼ፣ ተንፍስ። አነጋገሩ ያስቅ ነበር። እንዴት አድርጌ ልሳቅ?"

ተንፍስ የሚለውን ለሳል በሽተኞች ነበር ያስተማርኩት።

ግንቦት 20
ተናዘዝኩ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። የሰውን ልጅ ያልሰማው ቃል ኪዳን ውስጥ አስገብቼ፣ በዚያው ቃል ኪዳን ወደ ሞት ልኬዋለሁ። አምባሩን ማውለቁንም አውቄ ደብቄአለሁ። ቤቱ የታሰረው በባዶ እጅ ነው። ይሄ ከታወቀ ትልቋ እማ ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ልብሴን ጠቅልዬ ነበር የገባሁት።

ምድጃው ጋ ተንበርክኬ ከመጋቢት ሁለት ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኢ ዊክ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ይሰማል። አምባሩ ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።

"የት ነው ያለው?"

"እናቱ ቤት። አሜሪካ።"

አንድ እንጨት ወደ እሳቱ ገፉ። እንጨቱ ይንጣጣል።

"ታዲያ የት ያድርገው?" አሉ።

አልገባኝም።

"ሚስት የለው፣ እህት የለው። የወንድ ልጅ ዕቃ ከእናቱ ቤት ሌላ የት ይቀመጣል? እናንተ ትምህርት ቤት ገብታችሁ ደንቡ ጠፋባችሁ እንጂ ልጁስ በደንብ ያደገ ነው። እጁን ነው እንዴ ያሰርኩት? ወገኑን ነው ያሰርኩት። አሁን ወገኑ ጋ ደርሷል።"

ማልቀስ ጀመርኩ። "ዝም በይ፣ አልጨረስኩም" አሉ። "ውሸቱ ያንቺ ነው። አንድ አሳማ ትቀጫለሽ። ከእንግዲህ በኔና በሰው መሃል ስትቆሚ ቃል አትቀንሺም። ቢመርም፣ ቢያሳፍርም አትቀንሺም።"

"እሺ።"

"እሱ የጠፋው በኛ ምክንያት ነው። ምትክ መስጠት የኛ ተራ ነው" ብለው ወደ ኢ ዊክ ዞሩ። "አንተ ነህ።"

"በአንድ እግር?" አለ ኢ ዊክ።

"እናቱ ያጣችው ልጅ ነው፣ እግር አይደለም።"

ሰኔ 1
ለኮርቢን እናት ደብዳቤ ጻፍን። ትልቋ እማ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አልቀነስኩም። የኔን ውሸትም እንድጽፍ አደረጉኝ። "ልጅሽ ሳይነገረው ተቀበለ፣ ሲነገረው ደግሞ ሄደ። አምባሩ ያንቺ ነው። በእጅሽ ልጅ የለሽምና ልጅ ሰጥተንሻል። ስሙ ኢ ዊክ ነው። ላንቺ ለመሥራት ሩቅ ነው፣ ልጅሽ መሆኑን ግን አሳማ አርደን ለሰው ሁሉ ነግረናል" ይላል። የታረደው የኔ አሳማ ነው።

ኢ ዊክ ከምንጣፉ ላይ፣ "ምትኩ ጎዶሎ ነው ብለሽ ጻፊበት፣ ኋላ እንዳትመልሰኝ" አለ።

እየሳቀ መሰለኝ። ዞሬ ሳይ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖታል።

ሐምሌ 22
መልስ የለም። ሴትዮዋ አንብባው ምን ትላለች? አበዱ ትላለች። እኔ ብሆን እላለሁ።

መስከረም 19
አሜሪካኖቹ ጦር ሰፈሩን አስረክበው ሄዱ። ሻምበሉ ሁላችንንም ጨበጠን። "ወንድሞቻችን ናችሁ፣ አንረሳችሁም" አለ። ለትልቋ እማ ልክ እንዳለው ተረጎምኩት።

"ምትካችሁ ማነው በይው" አሉ።

አልኩት፣ ሳልቀንስ። ሻምበሉ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሄሊኮፕተሩ ላይ ወጣ።

ጥቅምት 5
የመድኃኒት ቤቱ ቆርቆሮ ተነቅሎ ተወሰደ። በሽተኞች አሁን ቤት ይመጣሉ። የቀረውን መድኃኒት በሁለት ቅርጫት አድርጌዋለሁ፣ በፊደል ተራ። የታጠቁ ሰዎች በታችኛው መንደር ታይተዋል አሉ። የነማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ኢ ዊክ ምርኩዙን ራሱ ጠረበ።

ኅዳር 8
ሩዝ እያጨድን ሳለን አንዲት የሚሲዮን ነርስ ከከተማ በሰው እጅ ደብዳቤ ላከችልኝ። ኤንቨሎፑ ሁለት ቦታ ተከፍቶ ተለጥፏል። የጻፈችው የኮርቢን እናት ናት።

ትልቋ እማ ማጭዳቸውን አስቀምጠው "አንብቢ" አሉ። ኢ ዊክ ምርኩዙን ተደግፎ መጣ። ሌሎቹም መጡ። እዚያው ማሳው ላይ አነበብኩ።

"ደብዳቤሽን ሦስቴ ልቀደው ነበር። ልጄን የገደለብኝ የናንተ ደንብ ነው ብዬ አስቤአለሁ..."

ቆምኩ። ድሮ ቢሆን እዚህች ጋ አንድ ጥሩ ቃል አስገባ ነበር።

"አትቀንሺ" አሉ ትልቋ እማ።

"...አሁንም አንዳንድ ቀን እንደዚያ አስባለሁ። አንቺንም አልወድሽም፣ ያኔ ልትነግሪው ይገባ ነበር። አምባሩ የደረሰኝ መኮንኖቹ በሬን ባንኳኩ በሦስተኛው ቀን ነው። እጄ ላይ አደረግሁት፣ አሁን እጄ አብጦ አልወጣ ብሏል። ለማውጣትም አልሞከርኩም። አሮጊቷ ያሉት አልገባኝም ብዬ ነበር። ሰሞኑን አሳማዎቼን ስመግብ ገባኝ መሰለኝ። እስቲ ስለ ልጁ ንገሪኝ። ይበላል? በዚያ እግሩ መራመድ ይችላል? ደጋ ነው ይላሉ አገራችሁን። ይበርደዋል ወይ?"

ሌላ የለውም፣ ስሟ ብቻ ነው ከሥሩ ያለው። "አልወድሽም" የሚለውንም አነበብኩት።

ትልቋ እማ ማጭዳቸውን አነሱ። "ተቀብላለች" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ኢ ዊክ አልተንቀሳቀሰም። የኅዳር ንፋስ ጀምሯል፣ ሸሚዙ ስስ ነው። ክንዱን ያሻል። እኔ ይሄንኑ ደብተር አውጥቼ አንድ ቅጠል ቀደድኩና ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

"ምን ልበላት?" አልኩት። "ውድ ወይዘሮ ኮርቢን ነው የሚባለው፣ እንደሱ ልጀምር?"

"አይ" አለ። "እማ ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ትንሽ ይበርደኛል በያት።"